መሳሪያ የሌላትን ልጅ ይዛችሁ ከሆረር ጌም በህይወት እንዴት ትወጣላችሁ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ሁለት ሳምንት እኛ ቤት አርፎ ነበርና አንድ ማታ ኤሊየን አይሶሌሽን የሚባለውን፣ ከጠፈር ጭራቅ የምትሸሹበትን ሆረር ጌም ከፈትኩለት። ልጁ ፊፋ ላይ የሚችለው የለም፣ ሰፈር ያለው ጌም ቤት ተኩስ ጌም ሲጫወትም ልጆች ከኋላው ቆመው ነው የሚያዩት፣ እኔም ይሄኛው አያቅተውም ብዬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሮጠ፣ ጭራቁ ከጣሪያው ቀዳዳ ወረደ፣ ሞተ። ድጋሚ ጀመረ፣ ድጋሚ ሮጠ፣ ድጋሚ ሞተ። አምስተኛው ላይ ኮንትሮለሩን ሶፋው ላይ አስቀመጠና "እታለም፣ ይሄ ነገር እኮ በምንም አይገደልም" አለኝ።

አዎ አይገደልም። ይሄን የምጽፈው እንደሱ ላሉ ሰዎች ነው፣ ማለትም ጌም በደንብ ለሚችሉ ግን እንደዚህ አይነቱ ላይ እጃቸው ለሚታሰር።

ሰርቫይቫል ሆረር፣ ማለትም ከማሸነፍ ይልቅ በህይወት መትረፍ ዋናው የሆነበት የአስፈሪ ጌም አይነት ውስጥ የቆየ አንድ መስመር አለ። የምትይዟት ካራክተር ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜ ወጣት፣ ወታደርም ፖሊስም ያልሆነች፣ የሚያሳድዳት ነገር ደግሞ ከሷ በጣም የሚበረታ። 1995 ላይ ክሎክ ታወር ከጄኒፈር ጋር መጣ፣ 2001 ላይ ፌታል ፍሬም ከሚኩ ጋር፣ 2005 ላይ ሆንቲንግ ግራውንድ ከፊዮና ጋር፣ 2014 ላይ ኤሊየን አይሶሌሽን ከአማንዳ ሪፕሊ ጋር። ሌሎችም አሉ ግን እነዚህን ደጋግሜ ስለጨረስኳቸው በነሱ ነው የማስረዳችሁ። ሰው እነዚህን ልጆች "ደካማ" ይላቸዋል፣ እኔ ቃሉ ያናድደኛል። አቅም ማጣቷ ጌሙ የተሰራበት ህግ ነው፣ ሌላ ጌም ላይ ስክሪኑ ጥግ የምታዩት የህይወት መስመርና የጥይት ቁጥር እዚህ በአብዛኛው ትንፋሿ ላይ፣ ፊቷ ላይ፣ አሯሯጧ ላይ ነው የተጻፈው። እሱን ማንበብ የለመደ ሰው ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሄድፎን አድርጉ። ውድ መሆን የለበትም፣ የስልክ ኤርፎንም ይሰራል፣ ብቻ ግራና ቀኙን ለይቶ ያሰማችሁ። በቲቪው ስፒከር ከሆነ የምትጫወቱት እርምጃው ከየት እንደሚመጣ አታውቁም፣ ካላወቃችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ከደነገጣችሁ ትሮጣላችሁ፣ ከሮጣችሁ አለቀ።

ሌላው ሴቭ ነው። ኤሊየን ላይ ጌሙ እንደሌሎቹ በየደቂቃው ራሱ ሴቭ አያደርግላችሁም፣ ግድግዳ ላይ የተገጠመች የስልክ ሳጥን የምትመስል ነገር ፈልጋችሁ ካርድ ከታችሁ ሶስቱ መብራቶች አንድ በአንድ እስኪበሩ መቆም አለባችሁ፣ በዛች መሃል ጭራቁ ከኋላ መጥቶ ሊገድላችሁ ይችላል። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ለምትኖሩ ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ሙሉ በእንብርክክ ሄጄ ሄጄ ሴቭ ማድረጊያዋን ከሩቅ አየኋትና "ይሄን መሳቢያ ብቻ ፈትሼ ልምጣ" ስል መብራት ሄደ፣ ሁሉም ነገር ጠፋ፣ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ሴቭ ማድረጊያ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ እሷን፣ መሳቢያው በኋላ።

መጀመሪያ ጄኒፈርን ተማሩ

የክሎክ ታወሯ ጄኒፈር ሲምፕሰን ወላጅ የላትም፣ ከማሳደጊያ ከሶስት ጓደኞቿ ጋር ወጥታ ኖርዌይ ውስጥ ባሮውስ ወደሚባል ቤተሰብ ትልቅ ቤት ትመጣለች፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ቁመቷን የሚያህል መቀስ የያዘ ነገር አለ። ጌሙን ሂውማን ኢንተርቴይንመንት የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው ለሱፐር ፋሚኮም፣ ለድሮው የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ የሰራው፣ ለብዙ ዓመት ከጃፓን ውጪ በህጋዊ መንገድ አልወጣም ነበር፣ 2024 ላይ ግን ክሎክ ታወር ሪዋይንድ ተብሎ ለአሁኖቹ ኮንሶሎችና ለፒሲ ወጥቷል። አጭር ስለሆነ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

ከታች በግራ በኩል የጄኒፈር ፊት አለ። ከጀርባው ያለው ቀለም ሰማያዊ ሲሆን ደህና ናት፣ ከዛ ቢጫ፣ ከዛ ብርቱካናማ፣ ከዛ ቀይ። ስትሮጥ፣ ስትደነግጥ፣ ስትያዝ ይወርዳል። ቀይ ላይ ሆና መቀሱ ከደረሰባት በቃ ሞተች፣ ከዛ በፊት ከሆነ ግን ፊቷ ብልጭ ድርግም ሲል ቁልፉን ቶሎ ቶሎ በመጫን ታመልጣላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ካመለጠ በኋላ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። አትሂዱ! ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጉና አስቀምጧት፣ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ቀለሙ ቀስ እያለ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ለኔም ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን ከሁለት ክፍል በላይ ሳላሳርፋት አልሄድም።

ክፍል ስትገቡ ዕቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ነገር በዓይናችሁ ያዙ፣ አንዱ ሌላ በር ካለ በሩ፣ አንዱ መደበቂያ የሚሆን ነገር። ቤቱ ብዙውን ጊዜ ሙዚቃ የለውም፣ የራሷን ኮቴ ብቻ ነው የምትሰሙት፣ ስለዚህ የመቀሱ ድምጽ ሲመጣ ገና ያኔ ማሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። ቀድሞ ያየ ሰው እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ደግሞ አንድ ቦታ አንዴ ስላዳናችሁ ሁሌ ያድናል ማለት አይደለም። ስትጨርሱና ድጋሚ ስትጀምሩ ደግሞ አንዳንድ ነገሮች ቦታ ይቀይራሉ፣ መጨረሻውም ዘጠኝ አይነት ነው፣ እንዳደረጋችሁት ይለያያል። ጋራዡ ውስጥ መኪና ታገኛላችሁ፣ ጓደኞቿን ትታችሁ በሱ ውጡ የሚል ሃሳብ ይመጣባችኋል፣ እኔም መጥቶብኝ አውቃለሁ፣ ግን እሱ መንገድ አያድናትም።

ፊዮናና ውሻዋ

ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝም።

ሆንቲንግ ግራውንድ የካፕኮም ስራ ነው፣ ለፕሌይስቴሽን 2፣ ጃፓን ውስጥ ዴሜንቶ ነው ስሙ። ፊዮና ቤሊ 18 ዓመቷ ነው፣ ከወላጆቿ ጋር መኪና ውስጥ ነበረች፣ አደጋ ደረሰባቸው፣ ስትነቃ ግንብ ስር የብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባታል። ሮጣም ብዙ አትሄድም፣ በእግሯ ትመታለች ግን ምቷ ማንንም አይጥልም። ጌሙ ገና መጀመሪያው አካባቢ ሂዊ የሚባል ነጭ ውሻ ታስሮ ታገኛላችሁ፣ ፈትታችሁ ትለቁታላችሁ፣ ከዛ በኋላ ጌሙ የሁለታችሁ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሂዊ መሳሪያ አይደለም። ስትጠሩት የማይመጣበት ጊዜ አለ፣ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ሂድ ስትሉት ቆሞ ያያችኋል። በቀኙ ጆይስቲክ ነው የምታዙት፣ ሂድ፣ ና፣ ተቀመጥ፣ ጎበዝ፣ ተው። ሰው ሁሉ "ሂድ"ን ብቻ ይደጋግምና ውሻው አይሰማም ብሎ ጌሙን ይሳደባል። የሚሰራው መንገድ እንደዚህ ነው፣ የሚያሳድዳችሁ ሰው በሌለበት ሰላም ባለ ሰዓት ጥሩት፣ ሲመጣ ወዲያው አመስግኑት፣ ተቀመጥ በሉት፣ ከተቀመጠ አመስግኑት፣ ያልታዘዘ እንደሆነ ደግሞ ያኔውኑ ተቆጡት፣ ቆይታችሁ አይደለም። የሚበላ ነገር ስታገኙ ስጡት። የሰፈር ውሻ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሳልነግረውም ያውቀዋል። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ለዚህ ብትሰጡ በኋላ እሱ ተናክሶ ይዞላችሁ እናንተ በሩን ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። ሰውየው ላይ እግራችሁን ስትሰነዝሩ ሂዊን እንዳትመቱት ተጠንቀቁ፣ ይቀየማል፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከሱ ጋር ያላችሁ ነገር ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር ድንጋጤዋ ነው። ፊዮና ስክሪን ላይ የህይወት መስመር የላትም። ስትፈራ ስክሪኑ ቀለሙን ያጣል፣ ይደበዝዛል፣ ኮንትሮለሩ እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከባሰ ደግሞ ከእጃችሁ ትወጣለች፣ እናንተ ግራ ስትሏት እሷ ቀጥታ ትሮጣለች፣ ግድግዳ ትመታለች፣ ትወድቃለች፣ ዕቃ ልጠቀም ብትሉ ሜኑው አይከፈትም። መጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥመኝ ኮንትሮለሩ የተበላሸ መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁት። ያ ሰዓት ከመጣ በኋላ ብዙ የምታደርጉት የለም፣ ቁም ነገሩ እዛ እንዳትደርሱ ነው። ሰውየው በሩቅ እያለ ገና ቀለሙ መሄድ ሲጀምር አቅጣጫ ቀይሩ፣ የሚያረጋጋ ነገር ካላችሁ ያኔውኑ ተጠቀሙ፣ "ትንሽ ልቆይ፣ ምናልባት ያልፍ ይሆናል" አትበሉ።

መደበቂያ አልጋ ስርም ቁም ሳጥን ውስጥም አለ። ሁለት ህግ ብቻ፣ ስትገቡ እንዳያዩዋችሁ፣ አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ እንዳትጠቀሙበት። ጌሙ ይቆጥራል። ሶስተኛ አራተኛ ጊዜ ስትገቡበት የሚያሳድዳችሁ ሰው አግኝቶ ያወጣችኋል፣ ይሄ ደግሞ በጣም መጥፎ አሟሟት ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ዘዴ በየፎቁ ሁለት መደበቂያ መርጬ ማቀያየር ነው፣ እስካሁን ሰርቶልኛል።

የሚያሳድዷት ሰዎች ይቀያየራሉ። ዴቢሊታስ ግዙፍ ነው ግን እንደ ህጻን ልጅ ነው አስተሳሰቡ፣ ፊዮናን እንደ አሻንጉሊት ነው የሚያያት። ከሱ ቀጥላ የምትመጣው የቤት ሰራተኛዋ ዳኒኤላ ናት፣ እሷ ትብሳለች፣ ረጋ ብላ ነው የምትሄደው። ሁሉም ከሷ የሚፈልጉት ሰውነቷን ነው፣ እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት። ይሄ ከጭራቅ በላይ ያስፈራል፣ ቢያንስ እኔን፣ ማታ ታክሲ ጠፍቶ በእግሯ ቤቷ የገባች ሴት ሁሉ ያን ከኋላ የሚከተል ኮቴ ታውቀዋለች። አንድ ቅሬታ አለኝ ግን፣ ካሜራው ራሱ አንዳንዴ እንደነሱ ነው የሚያያት፣ ልብሷና አቀራረጹ ላይ ብዙ ሰው ተናግሯል፣ እውነታቸውን ነው። ጌሙን ብወደውም ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

አማንዳ

አማንዳ ሪፕሊ ኢንጂነር ናት። እናቷ ኤለን ሪፕሊ ከጠፋች 15 ዓመት ሆኗታል፣ 2137 ላይ የእናቷ መርከብ የበረራ መዝገብ ተገኘ ሲሏት ሴቫስቶፖል ወደምትባል የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች፣ ጣቢያዋ ግን ተመሰቃቅላለች፣ የተረፉት ሰዎችም እርስ በርስ ይተኳኮሳሉ። ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ሰርቶ ሴጋ ያወጣው ጌም ነው። እዚህ ካሜራው በሷ ዓይን ነው፣ ሰውነቷን የምታዩት እጇን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ እጇ ደግሞ ሁሌ ስራ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያልገባው ነገር ይሄ ነው። ጭራቁ እንደ ዘበኛ በአንድ መስመር አይመላለስም። ጌሙ ሁለት ጭንቅላት አለው በሉት። አንዱ ከላይ ሆኖ የት እንዳላችሁ ያውቃል፣ ግን ለጭራቁ "እዛ አካባቢ ፈልግ" ከማለት አልፎ ትክክለኛ ቦታችሁን አይነግረውም። ሁለተኛው የጭራቁ የራሱ ነው፣ እሱ የሚያውቀው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። የላይኛው ደግሞ ምን ያህል እንደተጨነቃችሁ ይለካል፣ ጭራቁ አጠገባችሁ ብዙ ከቆየ ወደ ጣሪያው ይመልሰዋል። ይሄ ለእናንተ ምን ማለት ነው፣ ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ ይሄዳል። እውነት ይሄዳል፣ አምናችሁ መቆየት ነው ከባዱ።

ሆስፒታሉ ጋ ስትደርሱ ትፈተናላችሁ፣ አምስተኛው ሚሽን ነው፣ ጭራቁ እንደልቡ ሲዞር መጀመሪያ የምታገኙት እዛ ነው። እኔ እንደዚህ አደረኩ። ሎከር ውስጥ ገባሁ፣ በስንጥቁ አየዋለሁ፣ ጅራቱ መሬቱን እየጠረገ አለፈ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ፊቱን ሎከሩ ላይ አስጠጋ። ያኔ ወደኋላ ተጠግታችሁ ትንፋሽ የምትይዙበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ስክሪኑ ዳር ዳሩ ይጨልማል፣ ብዙ ከያዛችሁ ራሱ ይጎዳታል፣ ቶሎ ከለቀቃችሁ ደግሞ ይሰማችኋል። ፊቱ ዞር ሲል ልቀቁ፣ ትንሽ ተንፍሱ፣ ከተመለሰ እንደገና ያዙ። ከሄደ በኋላ ወዲያው አትውጡ፣ ጣሪያው ውስጥ ሲገባ ግድም የሚል ድምጽ አለው፣ እሱን እስክትሰሙ ቆዩ። ሎከርም አታብዙ፣ ሎከር ላይ ብቻ ከተንጠለጠላችሁ ሎከር መፈተሽ ይለምዳል፣ ጠረጴዛ ስርና አልጋ ስር ቀያይሩ።

አማንዳ ጭራቁ የት እንዳለ የምታይባት የእጅ መፈለጊያ ማሽን አለቻት፣ እሷ ላይ አንድ ነገር፣ የሚንቀሳቀስን ብቻ ነው የምታሳየው። ቆሞ ከጠበቃችሁ ባዶ ነው የምታዩት። ቅርብ ከሆነ ደግሞ የማሽኗን ድምጽ ራሱ ይሰማል፣ ስለዚህ በሩቅ እያለ አይታችሁ አስቀምጧት፣ አጠገባችሁ ሲሆን በጆሯችሁ ተማመኑ። ኮሪደር ላይ ከጣሪያ ቀዳዳ ምራቅ የሚመስል ነገር ሲንጠባጠብ ካያችሁ ከስሩ አትለፉ፣ ላይ ሆኖ እየጠበቃችሁ ነው። ሽጉጥ ታገኛላችሁ፣ ጭራቁን ምንም አያደርገውም፣ ድምጹ ግን ይጠራዋል። በኋላ እሳት የሚተፋ መሳሪያ ይመጣል፣ እሱም ለማባረር ነው፣ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም እየለመደው ሲሄድ ያን ያህል አይፈራም። መንገድ የዘጉ የታጠቁ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ ድምጽ የሚያወጣውን ዕቃ ወደነሱ ወርውራችሁ ከጠረጴዛ ስር ግቡ፣ ጭራቁ ይመጣል፣ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። ማየቱ ደስ አይልም፣ እኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያደረኩት።

ሮቦቶቹ፣ ዎርኪንግ ጆ የሚባሉት፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት ግን ከያዟችሁ ጉልበታቸው ሌላ ነው። ዓይናቸው ቀይ ከሆነ በእጅ ለመደባደብ አትሞክሩ፣ ራቅ ብላችሁ ዙሩ።

ኮንሶሉ ላይ ማይክ ያለው ካሜራ ካላችሁ የእናንተ የቤት ውስጥ ድምጽ ራሱ ለጭራቁ እንዲሰማ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ አጥፉት፣ ቡና እየተወቀጠ ባለበት ቤት አይሆንም።

ካሜራ የያዘችዋ

ፌታል ፍሬም ላይ አጠር ላድርገው። ሚኩ ሂናሳኪ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ሂሙሮ የሚባል አሮጌ ቤት ትገባለች፣ የያዘችው የድሮ ፎቶ ካሜራ ብቻ ነው፣ መናፍስቱን የምታባርረው ፎቶ በማንሳት ነው። እዚህ ጌም ላይ ህጉ ይገለበጣል፣ መሸሽ ብቻ አይበቃም፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እንዲጠጋችሁ መፍቀድ አለባችሁ። መንፈሱ ሊነካችሁ እጁን ሲዘረጋ ያቺ ቅጽበት ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ነው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው። ከሩቅ ብዙ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፊልም ይጨርሳል። ስለዚህ ጀርባችሁ ግድግዳ እንዳይነካ ቦታ ይዛችሁ፣ ካሜራውን አንስታችሁ፣ ጠብቁ። ፌታል ፍሬም ሁለት ላይ፣ 2003 የወጣው፣ ሚዮ ከመንትያዋ ከማዩ ጋር ናት፣ ማዩ እግሯን ትጎትታለች፣ ቀድማችሁ እንዳትሄዱባት፣ መናፍስቱ እሷንም ያጠቃሉ።

በምን ቅደም ተከተል

ጄኒፈር፣ ከዛ አማንዳ፣ ከዛ ሚኩ፣ ፊዮና መጨረሻ። ፊዮናን መጨረሻ ያደረኩት ስለሚከብድ ብቻ ሳይሆን ዲስኩን ማግኘት ስለሚያስቸግርና ያገለገለው ራሱ ውድ ስለሆነ ነው፣ ያንን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አይነት ጌም እንደምትወዱ እርግጠኛ ሁኑ። በአንድ ማታ ከሁለት ሰዓት በላይ አትጫወቱ፣ ሲደክማችሁ ትዕግስት ነው መጀመሪያ የሚያልቀው፣ ትዕግስት ሲያልቅ ደግሞ ትሮጣላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ሶስቴ ከሞታችሁ ወደዛ የሄዳችሁበትን መንገድ ቀይሩ እንጂ እዛው መንገድ ላይ ፈጥናችሁ ለማለፍ አትሞክሩ። የአክስቴ ልጅ ሆስፒታሉን ያለፈው በአራተኛው ቀን ነው፣ አብዛኛውን ሰዓት አልጋ ስር ነበር፣ ሴቭ ማድረጊያዋ ጋ ደርሶ ሶስተኛዋ መብራት እስክትበራ ድረስ እሱም እንደ አማንዳ ትንፋሹን ይዞ ነበር።